የመስታወት ዘንጓ

እንግዳዋ ኬሚስት ወደ ቤተ ሙከራው ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። የነጭ ጋውኗን እጅጌ አሲድ በልቶታል፤ ብልቃጧን ማንንም አታሳጥብም። ኢንዶል ከሚባል ቀላል ውህድ ተነስታ፣ ሁለት የአተም ቀለበቶች በአንዲት አተም ብቻ የተቆላለፉበትን አዲስ ውህድ ትሠራለች። አጠገቧ ያለው ተመራማሪ በዚሁ ውህድ ዓመት ሙሉ ለፍቶ ያገኘው ቡናማ ሙጫ ብቻ ነው።

እሷ ክሪስታሉ መያዣ እንዲያገኝ የብልቃጡን ግድግዳ ከውስጥ በመስታወት ዘንግ ጫር ጫር ታደርግና እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ቆይቶ ነጭ ክሪስታል እንደ ጨው ከታች ይረጋል። ተመራማሪው የራሱን ሙጫ ወደ ጎን ገፍቶ በቅናት ያያል።

«ምን ጨምረሽበት ነው?» አላት አንድ ቀን፣ የቀልድ አስመስሎ።

«ምንም፣ ወንድሜ። አንተ ትቸኩላለህ፤ እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።»

ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ቆማ ለእህቷ ስትደውል ሰማት። በየቀኑ የምትጠይቀው ያንኑ ነው። «እማዬ ዛሬስ ስሜን አስታወሰች?» ጥቂት አዳመጠች። «እሺ፣ ነገም እደውላለሁ» አለችና ወደ ብልቃጧ ተመለሰች።

መጠበቅን የት እንደለመደችው ገባው። ቅናቱ ግን አልለቀቀውም። እሷ ወጣ ስትል ጠብቆ፣ በዘንጓ የራሱን ብልቃጥ ጫረ። ሃያ እንኳ ሳይቆጥር ብድግ አድርጎ ወደ ብርሃኑ አየው።