ከወለሉ ሥር የገባችው ጣውንት

ልብስ ሰፊዋ በሠላሳ ዓመት ትዳሯ ባሏን በሌላ ሴት ጠርጥራው አታውቅም። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከእሱ አፍ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ነው። ብርዱ ጠንቶ በረዶው የደጃፉን ደረጃ በሸፈነበት ሰሞን ግን አንዲት ቀበሮ ከወጥ ቤቱ ወለል ሥር ገባችና የሰውዬው አፍ ተፈታ።

ጠዋት ጠዋት በረዶው ላይ በሆዱ ተኝቶ ፊቱን ከወለሉ ሥር ወደሚያስገባው ቀዳዳ ያስጠጋል። «ነይ እንጂ የኔ እመቤት፤ በረደሽ አይደል?» ይላታል። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ በመስኮት ታዳምጣለች። እሷን አንድ ቀን እንኳ በረደሽ ወይ ብሏት አያውቅም! በዚህ ዕድሜ፣ ያውም በቀበሮ መቅናት ያሳፍራል። ቢሆንም ቀናች፤ ምን ታድርግ።

«ያ የሠራሁልህ ሹራብ የት ገባ?» አለችው አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«አነጠፍኩላት።»

«ለማን?»

«ለማን ይሆናል? ከታች ላለችው ነዋ» አለና ከሥጋው ለቀበሮዋ ቆርጦ አስቀመጠ።

አንጀቷ አረረ። ያን ሹራብ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ በእጇ ነበር የሠራችው። በማግስቱ እሱ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ቀበሮዋም ምግብ ፍለጋ ስትወጣ ጠብቃ ሹራቡን ጎትታ አወጣችና ቀዳዳውን በጣውላና በምስማር ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። እፎይ አለች።

እፎይታዋ ግን አላደረም። ቀበሮዋ አጥር ተሻግራ ከጎረቤት ቤት ሥር ገባች። ጎረቤቷ ደግሞ ባሏ የሞተባት ፀጉር ሠሪ ናት፤ ስትስቅ ግድግዳ አያግዳትም። ሰውዬው የቀበሮዋን ዱካ ተከትሎ ደረሰባት። ከዚያ ወዲያ ሥጋውን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ጺሙን ተላጭቶ ይሄዳል!

«ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ሻይ አፍልቻለሁ። እንግዲህ ቀበሮዋን አብረን እናሳድጋታለን!» ፀጉር ሠሪዋ እንዲህ ስትለው ልብስ ሰፊዋ ከአጥሩ ወዲህ ሰማች። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው።

ሳምንት አልቆየችም። ምስማሩን በመዶሻ ነቅላ ጣውላውን ወረወረችው፤ ሹራቡን መለሰች፣ የራሷንም የሱፍ ሻርፕ ደረበችበት። ከዚያ ሥጋ ይዛ አጥሩ ሥር ተንበረከከች።

«ነይ! ነይ ብዬሻለሁ!»

ቀበሮዋ ብቅ አላለችም። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ነይ እንጂ እናቴ። ነይ የኔ ሆድ፤ ቤትሽ እኮ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል።»

ቃሉ ከየት እንደመጣላት ራሷም አላወቀች። ከኋላዋ በረዶው ሲረገጥ ተንኮሻኮሸ። ዞር ብትል ባሏ ነው፤ የተጠቀለለው ሥጋ በእጁ እንዳለ ቆሟል። ይስቅብኛል ብላ ፊቷ ቀላ።

እሱ ግን አልሳቀም።

«እኔንስ?» አላት፣ መጫወቻውን እንደተቀማ ልጅ አኩርፎ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ና ብላ› ከማለት በቀር፣ እኔን እንዲህ ጠርተሽኝ ታውቂያለሽ?»