ዘነበች በእጇ ያሳየችን የባሕር ከተማ

ልጅ ሳለሁ በቤታችን ተረት የሚነግሩን አያቴ ብቻ ነበሩ። ቤታችን በደቡብ ምዕራብ ካለችው ከሸዋ ቤንች ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በቡናና በእንሰት መሀል ነበር። ማታ ጎደሬያችንን በልተን ስናበቃ አያቴ ወደ ምድጃው ጠጋ ይሉና፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ በቤንችኛ አንዴ ስለ ጦጣ፣ አንዴ ደግሞ ጫካ ገብቶ ስለቀረ አዳኝ ይተርኩልናል። ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ እንባችንን እየጠረግን እንሰማለን። ያኔ ከእኛ ተለይታ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ በኩራዝ ብርሃን ከሰፌድ ላይ ቡና የምትለቅም አንዲት ሰው ነበረች፤ አክስቴ ዘነበች።

ዘነበች የአባቴ ታናሽ እህት ናት። በአምስት ዓመቷ ክፉ ትኩሳት ይዟት እሷ ስትተርፍ ጆሮዋ አልተረፈም፤ አንደበቷም እያደር ተዘጋ። ውሃ ቅጂ ለማለት ጀሪካኑን እናሳያታለን፤ ምግብ ቀርቧል ለማለት እጃችንን ወደ አፋችን እንወስዳለን፤ ከዚህ ያለፈ ነገር ነግረናት አናውቅም። ክፉዎች ሆነን አይደለም፤ በውስጧ የምታስበው ነገር ይኖራል ብሎ የጠረጠረ ሰው ስላልነበረ ነው። የመንደሩ ሰው ስሟን ትቶ «ዱዳዋ» ሲላት እኔም አፌን ሞልቼ እንደዚያው እላት ነበር።

የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የቡና ለቀማው ሊያልቅ ሲል፣ ከሸኮ በኩል ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ሚስቱ የሞተችበትና አምስት ልጆች ያሉት አንድ ሰው ዘነበችን ለትዳር ይፈልጋታል አሉ። አባቴ በልቡ ተስማማ፤ መልሱን ግን በመጪው እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ ሊሰጣቸው ቀጠሮ ያዘ። ሲሄዱ እናቴ ቀስ ብላ፣

«እሷስ? ልቧን ሳናውቅ?» አለችው።

«ምኗን እንጠይቃታለን? ብንነግራትስ ምን ይገባታል?» አለ አባቴ። ያለው በቁጣ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ቡና ይዞ ወደ ሚዛን ከተማ ሲሄድ እኔንና ዘነበችን አስከተለን። ለእሷ ባል ቤት መሄጃ የሚሆን ቀሚስ ሊያስለካት አስቦ ነው። ከነጋዴው ጋር ጉዳዩን እስኪጨርስ ገበያው ዳር ጠብቁኝ ብሎን እንደሄደ ዝናቡ መጣ። የሚዛን ዝናብ መቼ ያካፋል፣ ይደፋል እንጂ! ሮጠን ከአንድ ቪዲዮ ቤት ጣራ ሥር ተጠለልን። በሩ ላይ የቆመችው ሴትዮ መበስበሳችንን አይታ፣

«ግቡ እንጂ፣ እስኪያባራ ከውስጥ ተቀመጡ» አለችን።

ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ሰው ረጃጅም አግዳሚዎች ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ከፊት ባለው ቴሌቪዥን ላይ ባሕር ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ያኔ የማውቀው ትልቁ ውሃ ክረምት የሞላ ወንዝ ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዝናቡም ቆርቆሮውን እየደበደበው አንድም ቃል አይሰማም። «ድምፅ ጨምሪ!» እያሉ የሚጮኹ ነበሩ፤ ሴትዮዋ ብትጨምረውም ለውጥ የለውም። አንዲት ወጣት ሴትና ጥቂት ወንዶች፣ እንደ ድስት ክብ የሆነ መስኮት ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ገብተው ወደታች ወረዱ። ውሃው ሰማያዊ፣ ከዚያ ጥቁር ሆነ። የራሳቸውን መብራት የተሸከሙ ዓሦች አለፉ። ዓይኑ የቤት በር የሚያህል አውሬ በመስኮቱ ሲያልፍ እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ስገልጠው ደረጃ ነበር፤ ከባሕሩ ወለል ሥር የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ፣ ከደረጃው ማዶም ከተማ። ሰው ሁሉ የረሳው፣ ስንት ዘመን ውሃ ውስጥ የኖረ ከተማ፣ አምዶቹ እንደ ጫካችን ዛፍ ጫፋቸው የማይታይ፣ መሀሉ ላይ የሚያበራ ትልቅ ድንጋይ የተቀመጠ። «ድምፅ ጨምሪ!» የሚል ጠፋ። ዘነበችን ቀና ብዬ ሳያት አፏ ተከፍቷል፤ እጄን ጨምድዳ መያዟን የምታውቅ አትመስልም።

አባቴ ፈልጎ ያገኘን ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ቀሚሱንም ገዛላት፤ አረንጓዴ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ አያቴ፣ «ዛሬስ እኔ አልተርክም፤ ከተማ የዋለችው ትንገረን» አሉኝ። የአጎቶቼ ልጆችም መጥተው ምድጃውን ከበቡት። ኩራት ተሰምቶኝ ተነሣሁ።

«ሰዎች ባሕር ውስጥ ገቡ» አልኩ። «ከተማ አገኙ። ከዚያ... ተደባደቡ።» ሁለት ቡጢዬን አጋጨሁ። «አንዲት የከተማው ንግሥት አለች፣ አሮጊት ናት፣ አለቀሰች።»

«ለምን አለቀሰች?» አሉ አያቴ።

«እኔ እንጃ። ስለዘረፏት ይሆናል።»

ዘነበች ከግድግዳው ሥር አፌንና እጄን ታይ ኖሯል። ሰፌዱን አስቀመጠችና መጣች፤ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። አባቴ ምን ሆነች ብሎ ቀና አለ። እሷ ግን በፍሙና በእኛ መካከል ቆማ ሁለት እጆቿን አነሣች።

እጆቿ ክብ ሠሩና ቀስ ብለው ወረዱ። ጉልበቷ ከእጆቿ ጋር ወረደ፤ ትንፋሿም አብሮ አጠረ። ጣቶቿ ዓሣ ሆነው በየፊታችን አለፉ። ያ አውሬ ሲመጣ ዓይኗን ብቻ አንቀሳቀሰች፤ ልጆቹ ወደኋላ ሸሹ። ደረጃውን ወረደች፤ አምዶቹን አንድ በአንድ አቆመቻቸው፤ ጥላዋ በግድግዳው ላይ እስከ ጣራው ወጣ። ያን ጊዜ አያቴ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እጇን እያዩ በለሆሳስ መናገር ጀመሩ፦ «ወረዱ... ጨለመባቸው... አሁን በር አለ...»። የእሷ እጅና የእሳቸው ድምፅ አንድ ላይ ሄደ።

ከወንዶቹ አንዱ ሌባ እንደነበር እኔ ያወቅሁት ድንጋዩን ሲሰርቅ ነው። ዘነበች ግን ገና ከመጀመሪያው፣ ጀልባው ላይ ሳሉ ዓይኑ እንዴት ይሸሽ እንደነበር አሳየችን። ከዚያ ንግሥቲቱን ሆነች። ወገቧን አጎንብሳ በአውራ ጣቷ ከንፈሯን ተጫነች። ፈጠን ብላ ቀና አለችና ወጣቷን ሆነች፤ እሷም ሲጨንቃት በአውራ ጣቷ ከንፈሯን ተጫነች። ሁለቴ ደገመችልን። ከዚያ እንደገና ንግሥቲቱን ሆና፣ እንደ ሕፃን የታቀፈችውን ነገር ወደ ላይ፣ ከውሃው በላይ ወዳለው ዓለም ሰጠችና ባዶ ክንዷን አየች።

«ልጇ ናት!» አለች እናቴ። «አሮጊቷ ያለቀሰችው ልጇ ስለሆነች ነው!»

አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ እኔ ይህን አላየሁም ነበር።

ወጣቷ ድንጋዩን ከሌባው አስጥላ ወደ ቦታው መለሰችው፤ በሩ ተዘጋ፤ የብረቱ ዕቃ ወደ ላይ ወጣ፤ የዘነበች እጆችም ከራሷ በላይ ተከፈቱ። ከዚያ ቆመች። ላብ አጥምቋታል። ከሁላችን ትንሹ የአጎቴ ልጅ ተነሥቶ የቀሚሷን ጫፍ ጎተተና፣ ሁለት ትንንሽ እጆቹን ክብ አድርጎ ወደ ታች አወረደ። ድገሚልን ማለቱ ነው። እሷም ገባት።

አያቴ ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«መልሱ ነገ ነው፣ አይደል?» አሉት አባቴን።

«አዎ፣ አባባ።»

«ሳንጠይቃት የምንመልሰው ምን ብለን ነው?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። «አይገባትም ብዬ እኮ ነው...» አለ።

«እኔም ብያለሁ» አሉ አያቴ። «ልጄ ናት፤ ይህን ሁሉ ዓመት እኔም እንዳንተው ብያለሁ።»

ከሚቀመጡበት ዱካ፣ ከበርጩማቸው ተነሥተው ፊቷ ቆሙ። እንዴት እንደሚጀምሩ ጨንቋቸው እጃቸውን አንሥተው መለሱት። እሷን አመለከቱ። የሸኮን አቅጣጫ አመለከቱ። ጢማቸውን ይዘው የሰውየውን ዕድሜ፣ ከወገብ እስከ ጉልበት እየለኩ አምስቱን ልጆች አሳዩአት። አረንጓዴውን ቀሚስ አነሡላት። ከዚያ ሁለት መዳፎቻቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ዘነበች መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥሎ እናቴን አየች። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ተንበርክካም መዳፏን ከምድጃው አጠገብ፣ ከመሬቱ ላይ አጥብቃ አኖረች። እዚህ።

እሑድ አባቴ ለሽማግሌዎቹ እንቢታዋን ነገራቸው። «ዱዳ ደግሞ እንቢ ትላለች?» አሉት። «ብላለች» አላቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ምሽት ከተማውን ደጋግማ አሳየችን፤ አያቴም አንድ ቀን እሳቸው፣ አንድ ቀን እሷ እንድትተርክ ዱካቸውን ይለቁላት ጀመር። ዓመታት ቆይቶ ሚዛን አንድ ትምህርት ቤት መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል ሲከፍት፣ ከነዚያ ሕፃናት መሀል ገብታ የምልክት ቋንቋና ፊደል ተማረች። ዛሬ እዚያው ለትንንሾቹ ረዳት መምህር ናት። እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። የፊልሙን ስም ዛሬም አላውቀውም፤ ባገኘውም እንጃ ደስ ይለኝ እንደሆነ፤ የባሕር ከተማ ሲባል እኔ የሚታየኝ ከፍሙ በላይ ቀስ ብለው የሚወርዱ ሁለት እጆች ናቸውና።

ያን ምሽት የተነሣችው ሽማግሌዎቹ ለምን እንደመጡ ገብቷት፣ ራሷን ለማዳን ነው ብዬ ስንት ዘመን አምኜ ኖርኩ። ለልጆቼም የምነግራቸው እንደዚያ ነበር። በቅርቡ ልጠይቃት ሚዛን ሄጄ፣ ራት በልተን ስንጫወት፣ በእጄ ጠየቅኋት፦ ለምን ተነሣሽ?

ትንሽ አሰበችና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«አንቺ ስላበላሸሽው ነዋ» አለችኝ በእጇ። «ያንን የመሰለ ነገር አይተሽ ‹ተደባደቡ› ብለሽ ቁጭ ትያለሽ?»