የአባቴን ክፍል ያስለቀቅሁበት ሳምንት

እናቴ ሁምቦ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ሐኪሙ ለልቧ ሕመም በየሳምንቱ እንድትታይ ካዘዘ ወዲህ ሶዶ እኔ ቤት ግቢ ብዬ ስንት ወር ለመንኳት። እምቢ የምትለው ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ያለኝ ትርፍ ክፍል አባቴ ታሞ የሞተበት የኋላ ክፍል ብቻ ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ደጃፉን ረግጣው አታውቅም። በመጨረሻ “ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ አየዋለሁ፤ ካልሆነልኝ እመለሳለሁ” አለች።

እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የማልፈልገውን ሁሉ እዚያ ስወረውር ነው የኖርኩት። የተሰበረ ወንበር፣ የአባቴ የመድኃኒት ካርቶኖች፣ ፍራሹ፣ ሁሉም አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልሏል።

መጀመሪያ ብረትና ጠርሙስ የሚገዛውን ቆራሌውን ጠራሁ። የሚጠቅመውን ለቅሞ የቀረውን ዞር ብሎም ሳያየው ሄደ። ቀጥሎ ቆሻሻ የሚያነሣ የሴቶች ማኅበር አስተባባሪ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ትጠይቀኝ ጀመር።

“ጋሼ፣ ይሄ ፍራሽ የማን ነው? ካርቶኑ ውስጥ መርፌ የለም? ቤተሰብ ሳያየው ነው የሚነሣው?”

“እህቴ፣ ዕቃ ልታነሺልኝ ነው ወይስ ቃሌን ልትቀበዪኝ?” አልኳት።

ሳቀች። ተራ ስላለባቸው ከቅዳሜ ከሰዓት በፊት እንደማይደርሱ፣ የሚደፉበትን ቦታም ከፈለግሁ መጥቼ ማየት እንደምችል ነገረችኝ። ቆሻሻ መድፊያ ሄዶ የሚጎበኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ ሸኘኋት።

በምትኳ የጠራሁት ባለ አህያ ጋሪ ግን ምንም አልጠየቀኝም። እውነቱን ለመናገር ለዚያ ነው የወደድኩት። አህያው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሉ ባዶ ሆነ። ወለሉን አጠብኩ፤ አዲስ አልጋ አስገባሁ፤ ለራሴም ጎበዝ ነህ አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁምቦ ሄጄ እናቴን ይዤ በሚኒባስ ተመለስን። ከተማው ልንገባ ትንሽ ሲቀረን፣ ከመንገዱ ዳር ያለው ቦረቦር ጋ ስንደርስ “ወራጅ!” ብላ ጮኸች። ልቧ መስሎኝ ክው አልኩ። እሷ ግን ወርዳ በጣቷ ወደ ታች አሳየችኝ።

ፍራሹ ተዘርግቷል። በገዛ ቀሚሷ ጨርቅ የጣፈችው ቦታ ከሩቅ ይታያል፤ መሀሉ ላይ ፍየል ተኝታለች። የአባቴ ስም የተጻፈባቸው ካርቶኖች ዙሪያውን ተበትነዋል።

“አባትህን ለመንገደኛ ዓይን አሰጣኸው” አለችኝ፤ በወላይትኛ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ።

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ቀጥላ “ወደ ቤቴ መልሰኝ” አለች።

“ይሄን ሳላነሣ አልመልስሽም” አልኳትና ለአስተባባሪዋ ደወልኩ። ተራቸውን አሸጋሽገው፣ ከአንዲት ሾፌር ባልደረባዋ ጋር በባለ ሦስት እግር የጭነት ባጃጅ መጡ። “ብዬ ነበር” አላለችም፤ ጓንት ሰጠችኝ። የክት ጫማዬን እንዳደረግሁ ቦረቦሩ ውስጥ ገባሁ።

እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ያን የጥያቄ ዶፍ አሁን በተራዋ በአስተባባሪዋ ላይ አወረደችው። የት ነው የምትወስዱት? ውሻ ይጎትተዋል? ታቃጥሉታላችሁ ወይስ ትቀብሩታላችሁ? ሴትዮዋ አንዱንም ሳትዘል መለሰችላት።

“እንግዲያው አብሬ ሄጄ አያለሁ” አለች እናቴ።

ልብሽስ ብዬ ብለምን ማን ሰምቶኝ። ከሾፌሯ ጎን ተጠጋግታ ተቀመጠች፤ እኔ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

የመጣችው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ቀሚሷ ጫፉ አፈር ነክቶታል። ውሃ ሰጠኋት፤ ጠጣች።

“አጥር አለው” አለች። “ጉድጓዱም ጥልቅ ነው። አፈር እስኪያለብሱት ቆምኩ።”

የሁምቦ የመጨረሻው መኪና ሳያመልጠን እንሂድ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ብርጭቆውን አስቀምጣ ተነሣች።

“በል፣ አልጋዬን በየት በኩል እንዳደረግከው አሳየኝ።”