በኮት ቁልፍ ወደ ሮብ ገበያ

አርብ ንጋት፣ አዲስ አበባ

አባቴ ሞተር እያሞቀ ነው። ዶሮ ሳይጮህ የጀመረው ማሞቅ ነው። ጎረቤቶቻችን የቮልሷን ድምፅ እንደ ሰፈሩ ደወል ስለለመዱት መስኮት የከፈተ ሰው የለም። ልገባ ስል፣ "በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው" አለኝ። ገና እጄን አላሳረፍኩበትም ነበር።

አባቴን ላስተዋውቃችሁ። ደምሴ ይባላል። ዕድሜውን በማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅም አሳልፎ ጡረታ ወጥቷል። ተወልዶ ያደገው ከደብረ ማርቆስ በላይ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ሮብ ገበያ ነው። እኔ ልጁ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምንሄደው ለሠርግ ነው፤ እሁድ የወንድሙ ልጅ ትዳራለች። ልጅቱ ሕፃን ሳለች፣ "ማንም ያግባሽ ማን፣ የምትሄጂው በእኔ ቮልስ ነው" ብሏት ነበር። እሷ ረስታዋለች። እሱ አልረሳም።

ነጯ ቮልስ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ቤታችን ውስጥም ከእኔ የበለጠ ትደመጣለች። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ አባቴ ቤት ውስጥ ከሚቀመጥበት ሰዓት ይልቅ መኪናዋ ሥር የሚተኛበት ይበዛል። ግራ ጉልበቱን ያመዋል፤ ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። እኔና ወንድሜ ሽጣት ማለት ከጀመርን ቆየን። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በዚህ ተስማማን። ሮብ ገበያ ደርሳ በራሷ ጎማ ከተመለሰች ሁለተኛ ስለ ሽያጭ ትንፍሽ አንልም። ተጎትታ ከገባች ግን ይሸጣታል።

"በገመድ" አለ አባቴ ውሉን ሲያጠብቅ። "በገመድ ከታሰረች ብቻ ነው። መግፋት አይቆጠርም።"

አርብ ረፋድ፣ ዓባይ በረሃ

ከሱሉልታ ሜዳ ጀምሮ ሁሉም ይቀድመናል። አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ጭድ የጫነ ትራክተር። አባቴ ለእያንዳንዱ "እለፍ የኔ ጌታ" እያለ እጁን ያወዛውዛል፤ ፈቅዶ ያሳለፋቸው ይመስላል። ቀኑ የጾም ነውና ጎሐ ጽዮን ላይ ሽሮና ጎመን በላን። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። ላይ ሳለን ጋቢ ያሻን ነበር፤ ታች ስንደርስ ሹራባችንን አውልቀናል። ዝንጀሮዎች የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይታዘቡናል። በአዲሱ ድልድይ ስንሻገር አባቴ አሮጌውን በአገጩ አሳየኝ።

"እሱም ይኸው ቆሟል" አለ። "ማንም ሽጡት አላለም።"

ዳገቱ ላይ ደጋግመን ቆመን አስተነፈስናት። ደጀን ስንወጣ አባቴ ገበሬ በሬውን እንደሚያሻሽ መሪውን አሻሸው። "አየሽ?" አለኝ። አየሁ።

አርብ ከሰዓት፣ አምበር

ሉማሜን አለፍን። ግራና ቀኙ የጤፍ ክምር ነው፤ በየአውድማው ከብት ይነዳል፣ ጭድ ይበናል። አምበር የምትባለው ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ቮልሷ ድንገት ዝም አለች። አልተንተፋተፈችም፣ አላስነጠሰችም። እንዲሁ ዝም። በመጣችበት ፍጥነት ተንከባልላ አንድ ደጃፍ ላይ ቆመች።

የዚች መኪና ሞተር ከኋላ ነው። አባቴ ሄዶ ከፈተው፣ ጎንበስ ብሎ ቆየ፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ዕቃ ፈትቶ መዳፉ ላይ አኖራት። ፑንቲና ትባላለች። እየተከፈተችና እየተዘጋች እሳት ወደ ካንዴላዎቹ የምትልክ እሷ ናት። የሚከፍታት ደግሞ ከሥሯ ያለች፣ ምስር የምታክል ጠንካራ እግር ናት። እግሯ ተሰብራለች።

"ቅያሪ አልያዝክም?" አልኩት።

"ቅያሪዋ ይቺው ነበረች።"

አንድ አይሱዙ አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "አባባ፣ ገመድ አለኝ። ማርቆስ ላድርስዎት?" አለ።

"ገመድህን ለሚታሰር ነገር አስቀምጠው፣ ልጄ" አለው አባቴ።

የቆምንበት ደጃፍ የወይዘሮ እናኑ ነበር። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። "ምነው አያ፣ ምን ሆነችብዎ?"

"ደክሟት ነው።"

"እንግዲያስ ትግባ። የደከመው እንግዳ ደጅ አያድርም።"

ከጎረቤት ሰዎች ጋር ገፍተን ግቢ አስገባናት፤ ከላማቸው አጠገብ። አባቴ ፑንቲናዋን በመሐረብ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ከተታትና በሚኒባስ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድን። መንገድ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ተገፋች እንጂ አልተጎተተችም" አለኝ። ያልጠየቅኩትን ነው የመለሰልኝ።

ቅዳሜ፣ ደብረ ማርቆስ

የማርቆስ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። ሱቆቹ ሲከፈቱ ጀምረን ዞርን። የመጀመሪያው ባለሱቅ ፑንቲናዋን አገላብጦ፣ "የልብስ ስፌት መኪና ዕቃ ናት?" አለን። በሙያዬ እንዳልሆነች አረጋገጥኩለት። ሁለተኛው ደግ ሰው ነበር፤ መርካቶ ደወለልን። ዕቃው አለ፣ ነገ ማታ በአውቶቡስ ይደርሳል። ሠርጉ ግን ነገ ጠዋት ነው። ሦስተኛው፣ "ጋሼ፣ በዚህ ከተማ ቮልስ የነበረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ዶሮ አስፍሮባታል" አለና፣ "ከሆነላችሁ በመሪጌታ ነው የሚሆንላችሁ" ብሎ ወደ ይሄነው ጋራዥ መራን።

ይሄነው መሪጌታ አይደለም። ቅኔ ቤት ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ከቅኔው የሞተር ድምፅ አሸንፎት የወጣ ጎልማሳ ነው። ከተማው ግን ማዕረጉን ሰጥቶታል። የተሰበረችውን ዕቃ ወደ ብርሃን ይዞ አያት።

"ሞታለች?" አለው አባቴ።

"አልሞተችም ጋሼ። ሱባኤ ይዛ ነው፤ ቃል አትተነፍስም።"

"ሱባኤዋ ነገ ጠዋት ያልቃል። ሠርግ አለባት።"

ይሄነው የፑንቲናዋን እግር በእጁ ሊሠራ ተነሳ። የሚሠራበት ነገር ጠንካራ መሆን አለበት፤ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ የለበትም፤ በሞተሩ ሙቀትም መቅለጥ የለበትም። መጀመሪያ የጥርስ ብሩሽ እጀታ ቆርጦ ሞረደ። ቆንጆ ሆኖ ነበር፤ የሞቀ ሞተር ላይ ሲያስነካው እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ቀጥሎ ወይራ ጠረበ። ሲበሳው ለሁለት ተሰነጠቀ። ሌላ ወይራ ጠረበ፤ ያም ተሰነጠቀ። አባቴ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሳያቋርጥ ያዘዋል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይሥሩትና እኔ ልቀመጥ?"

"ብትቀመጥ ደግ ነበር። ብርሃን ከልለህብኛል።"

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ አባቴ ማዘዙን ተወ። ከጎማው ላይ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳና እጁን ዘረጋ።

"ተወው፣ ልጄ" አለው ይሄነውን። "ልጆቼ ልክ ናቸው። እየሰማኋቸው አልሰማም ብዬ ነው እንጂ ልክ ናቸው። አይሱዙ ያለው ሰው ፈልጉልኝ።"

ከዚያ ፑንቲናዋን መሐረቡ ላይ አስቀምጦ አራቱን ጫፍ አንድ በአንድ አጠፈ። ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ለወንድሜ ደውዬ ተረታ ልለው እችል ነበር። አባቴ ከዚያ ዳገትና ከዚያ ቁልቁለት ይድናል፤ ጉልበቱም ያርፋል። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ነገር ግን መሐረቡን ሲያጥፍ እጁን አየሁት፤ ስልኬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ተውኩት።

ኮቱ በር ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ገበሩን ሁለት ጊዜ የቀየርኩለት እኔ ነኝ፤ ቁልፎቹን በጨለማ ብነካቸው አውቃቸዋለሁ። እንደ ዛሬ ኮት የፕላስቲክ አይደሉም።

"አባዬ፣ ኮትህን ላውርደው" አልኩ።

"ምን ሊሆንሽ?"

ከቦርሳዬ መርፌ አወጣሁ። ይሄነው ላይተር ለኮሰልኝ። የጋለውን መርፌ ከቁልፉ ጀርባ አስነካሁት። ፕላስቲክ ቢሆን ይቀልጥ ነበር። አልቀለጠም፤ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ።

ይሄነው አሸተተ። "ቀንድ" አለ ቀስ ብሎ። "የበሬ ቀንድ።"

አባቴ ኮቱን ከእጄ ወሰደው። "ይህን ኮት ያሰፋሁት እናትሽን ሳገባ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺ መኪናዋ እንድትሸጥ አይደለም ወይ የምትፈልጊ?"

"እፈልጋለሁ።"

ኮቱን መለሰልኝ። "የታችኛውን ፍቺው" አለ። "እሱን ድሮም አልቆልፈውም።"

የመጀመሪያው ቁልፍ ሲበሳ ተሰበረ። ይሄነው ወደ ኮቱ አየ። አባቴ ፊቱን ወደ በሩ አዞረና፣ "ሆዴ ላይ ያለውንም ውሰዱት፤ እምቢ ካለኝ ቆይቷል" አለ። በሁለተኛው ይሄነው አልቸኮለም። ቁልፉን በእርጥብ ጨርቅ ይዞ በቀጭን ወስፌ እያጋለ በሳው፤ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ላገው፤ ከመዳብ ሽቦ በሠራው ምስማር ፑንቲናዋ ላይ ቀጥቅጦ አሰራት። ትንሽ ግራሶ ቀባት። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርመው ነገር አጣ።

ቅዳሜ ማምሻ፣ አምበር

ይሄነውን ይዘን ተመለስን። የወይዘሮ እናኑ ዶሮዎች ቮልሷን ወደዋታል፤ አንዷ ጣሪያው ላይ ተሰይማለች። "ሌሊት አላስቸገረችኝም" አሉ ወይዘሮ እናኑ ስለ መኪናዋ። "ጠባየ መልካም ናት።"

መግጠሙን አባቴ ለማንም አልሰጥም አለ። ጎንበስ አለ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ፣ ደግሞ አወለቀ። ብሎኗ ከዓይኑም ከጣቱም አመለጠች። ከዚያ ካቻቢቴውን ወደ እኔ ዘረጋው። "መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ስትከቺ የምትውዪ ሴት ይህ አያቅትሽም" አለ። ፑንቲናዋ የምትከፈተውን ክፍተት በክብሪት ቤት ካርቶን ለካሁ፤ ይሄነው ከኋላዬ "ትንሽ ጠበቅ፣ አሁን ላላ" ይላል። አባቴ መሪው ጋ ተቀምጦ አስነሳ። አንዴ አጉረመረመች። ሁለተኛ ሲሞክር ተነሳች።

ወይዘሮ እናኑ እልልታቸውን አቀለጡት። ይሄነው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ሰው ሁሉ መኪናውን በቁልፍ ያስነሳል" አለ። "ጋሽ ደምሴ ግን በኮት ቁልፍ።" አባቴ ቅኔውን እንዳልሰማ ሆነ። ማርቆስ እስክንደርስ ግን ብቻውን ፈገግ ይል ነበር።

እሁድ፣ ሮብ ገበያ

ከማርቆስ ወደ ላይ ያለው መንገድ ጠጠር ነው። የባሕር ዛፍ ጭስ፣ የገብስ ማሳ፣ የድንች መደብ፣ ከቅዳሴ የሚመለስ ጋቢ የለበሰ ሰው። በየኩርባው ሞተሩን አዳምጣለሁ። አባቴ ደግሞ እኔን ያዳምጣል፤ "ምን ሆንሽ? እሷ ደኅና ናት" ይለኛል። ሠርጉ ቤት ስንደርስ ሙሽሮቹ ሊወጡ ነበር። ያጌጠ ሚኒባስ ደጅ ቆሟል።

ሙሽራዋ ቮልሷን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። "አባባ ደምሴ፣ እኔ እኮ ያኔ ለጨዋታ ያሉኝ መስሎኝ ነበር" አለችው።

"ጨዋታ ነበር" አለ አባቴ። "ቆየና ቃል ሆነ።"

ሙሽራው ረጅም ነው። ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ገባ። የኋላውን ወንበር የሙሽራዋ ቀሚስ ሞላው፤ ሚዜዎቹና እኔ በሚኒባሱ ተከተልን። ከፊታችን ነጯ ቮልስ በዝግታ ትሄዳለች፤ የሮብ ገበያ ሽማግሌዎች አባቴን በስሙ እየጠሩ በመንገድ ዳር ያጨበጭባሉ። አንገቱን ሳያዞር፣ በጣም በቁም ነገር፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ይነዳል። አባቴን በልጅነቱ በሚያውቁት ሰዎች መካከል አይቼው አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ ደጀን፣ ከዚያ ቤት

በመመለሻችን ደጀንን አለፍ ብለን፣ ዓባይ ገደል ሊጀምር ሲል አባቴ ጥግ ይዞ ቆመ። የተበላሸ ነገር ያለ መስሎኝ ወረድኩ። እሱም ወርዶ በእኔ በር በኩል መጣ።

"ያንን ሁሉ ቁልቁለት ይህ ጉልበት አይችለውም" አለ። "ሲመጣም አልቻለውም፤ አልነገርኩሽም እንጂ። አንቺ ንጂ።"

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የባለቤቴን መኪና በየቀኑ እነዳለሁ። የዚችን መሪ ግን ሰፈር ውስጥ እንኳ አስይዞኝ አያውቅም። ገብቼ ተቀመጥኩ። እስከ ድልድዩ ድረስ "ማርሽ ቀንሺ፣ አትርገጪያት፣ ራቂ ከዚያ ድንጋይ" አለኝ። ከድልድዩ በላይ ትእዛዙ እየራቀ ሄደ። ጎሐ ጽዮን ላይ አንድ ነገር ሊናገር ጀምሮ ተወው። ፍቼ ስንደርስ ጭንቅላቱ መስታወቱ ላይ አርፎ እንቅልፍ ወስዶታል።

አመሻሽ ላይ ሰፈራችን ገባሁ። ወንድሜ በር ከፍቶ ወጣ፤ ገመድ እንዳለ ለማየት ከፊት ከኋላ ዞሮ አየ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም አሰኘሁት። መኪናዋን በሩ ላይ አቁሜ፣ ማርሽ አውጥቼ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ተቀመጥኩ። ካጠፋሁት ይነቃል።