መኪናው ቆሟል?

አባቴ ሚኒባስ ይነዳል። እሁድ እሁድ ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ ከተማ ገበያተኛ ያመላልሳል፤ እኔም ትምህርት ስለሌለኝ ጋቢና ከጎኑ እቀመጣለሁ። ጋቢና መቀመጥ የሚወድ ሰው ብዙ ነው፣ እንደኔ የሚወድ ግን ያለ አይመስለኝም። የጨፋን ሜዳ በጎን መስኮት አጮልቆ ማየትና በፊት መስታወት፣ ማሽላው ከቀኝም ከግራም እየተወዛወዘ ሲመጣ ማየት አንድ አይደለም።

ታዲያ እናቴ ጋቢናዋን በነጻ አልሰጠችኝም። "ስልኩን አንቺ ትይዣለሽ። እየነዳ ያወራ ቀን አንቺም ሁለተኛ አትሄጂም" አለችኝ። አባቴ አጠገባችን ነበር፤ እንዳልሰማ ሆኖ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ።

እንዲህ ያለችው ስለምታውቀው ነው። አባቴ አነዳዱ ጥሩ ነው። ችግሩ ሰላምታ ነው። እኛ ዘንድ ሰላምታ ከተጀመረ በመሃል አይቋረጥም። በኦሮምኛ "አከም ቡልተ"፣ እንዴት አደርክ፣ ተብሎ፣ ጤናው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ተጠይቆ፣ ለእያንዳንዱ "አልሐምዱሊላህ" ተብሎ ነው ወደ ዋናው ነገር የሚገባው። አባቴ ደግሞ ሰላምታ ማጉደልን ከስድብ ይቆጥረዋል። የሚያውቀው መኪና ሲመጣ እጁን ከመሪው ያነሳል፤ መኪናው ካለፈም በኋላ አንገቱን አዙሮ ይሸኘዋል። ስልክ ላይ ከሆነማ ግራ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ቀኙ ስልክ ይዟል፣ ግራው ደረቱ ላይ ነው፤ መሪውን ማን እንደያዘው አላህ ይወቀው።

የዚያን እሁድ የአባቴ ታናሽ እህት ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታ ነበር። አባቴ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ወጣ። እሱ ሲጨነቅ ደግሞ ይፈጥናል፤ እግሩ ለብቻው የሚያስብ ይመስል ነዳጁን ይረግጣል። ጨፋ ሮቢት ላይ ሰላም ያሉትን ሰዎች አንዳቸውንም አላያቸውም።

"ተደወለ?" ይለኛል።

"አልተደወለም።"

ትንሽ ቆይቶ፣ "ኔትወርክ አለ?"

"አለ፣ አባ።"

"እስቲ ደግመሽ እዪው።" ይልና ራሱ አንገቱን አስግጎ ያየዋል።

ከኋላችን ሁለት ዶሮ ያቀፉ እናት ተቀምጠው ነበር። "ሹፌር፣ ምን ሆነሃል ዛሬ? እኔ እኮ የወጣሁት ዶሮ ልሸጥ እንጂ ልበር አይደለም" አሉት። ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ ፍጥነቱን ግን ቀነስ አደረገ።

ከሮቢት ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ስልኩ ጠራ። የአክስቴ ባል ነው።

"አከም ቡልተ፣ የኔ ልጅ? ነገያ? ሰላም ነሽ?"

"አልሐምዱሊላህ። አክስቴስ?"

"እናትሽ ደህና ናት? ትምህርትስ?"

"ደህና ነን። አክስቴስ?"

"አባትሽን ሰላም ሳልል እንዴት ብዬ ነው የምነግርሽ? ጆሮው ላይ አድርጊለት።"

"እየነዳ ነው።"

"ሰላም ብቻ ልበለው።"

ያን ጊዜ የአባቴ እጅ መጣና ስልኩን ከእጄ ወሰደው። ግራው ወደ ደረቱ ሄደ። "አከም ቡልተ፣ ወንድሜ" ሲል ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፣ የሚታየው ግን ሆስፒታሉ ነው። ለእኔ የታዩኝ ግመሎች ናቸው። ወደ ገበያ የሚነዱ፣ አስፋልቱን የሞሉ፣ ለማንም የማይቸኩሉ ግመሎች።

"አባ፣ ግመል" አልኩ። እኔ ቀስ ብዬ ያልኩ መስሎኛል፤ ባለ ዶሮዋ እናት ግን ጆሯቸውን እንዳደነቆርኩት ነግረውኛል። ፍሬኑን ረገጠ። ዶሮዎቹ ጋቢና ገቡ። መኪናው ሲቆም የመጨረሻው ግመል አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሊያሳርፍ ምንም አልቀረውም። እያላመጠ ቁልቁል አየንና መንገዱን ቀጠለ።

ስልኩ እግሬ ስር ወድቆ "ከብቱስ ደህና ነው?" ይላል።

አባቴ መኪናውን ቀስ ብሎ ከአስፋልቱ አውጥቶ ግራር ስር አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ስልኩን አነሳና ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመረ። ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል። ዝናቡ ላይ ሲደርሱ የባለ ዶሮዋ እናት ትዕግሥት አለቀ። ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው "ኧረ ወለደች ወይስ አልወለደችም?" አሉ።

"ወልዳለች፤ ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው" አለ ስልኩ።

ሚኒባሱ በእልልታ ተሞላ። አባቴ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ሳቀ።

ቤት ስንገባ በቃ፣ ጋቢናዬን ተሰናብቻታለሁ ብዬ ነበር። አባቴ ነገሩን ራሱ ለእናቴ ነገራት፤ ከግመሎቹ አንዱንም አላስቀረም። እሷም እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ቁልፉን ለማን ሰጠሁ ነው ያልከው?"

"ለሷ።"

"እንግዲያው ትሂድ" አለች።

አሁን ስልክ ሲጠራ አነሳለሁ፤ አባቴን የግድ ካሉ መኪናው ይቆማል፣ ቁልፉ እጄ ይገባል፣ ሰላምታው ከዚያ ይጀመራል። ወሬው ዘመዱን ሁሉ አዳርሷል። ባለፈው ቤት ውስጥ ልብስ ሳጥብ የአክስቴ ባል ደወለ።

"አከም ቡልተ፣ የኔ ልጅ? መኪናው ቆሟል?"

"እኔ እኮ ቤት ነኝ፣ ልብስ እያጠብኩ ነው።"

"ይሁን። ቆሟል?"

"ቆሟል፣ አልሐምዱሊላህ" አልኩት፤ ከዚያ ወደ ጤናዬ አለፍን።