የመኪናው ድምፅ እኔ ነበርኩ

በዚያ ክረምት ቡራዩ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ዓይኔ አያይም፤ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ሰበታ ነው፣ በብሬል። አንድ ቀን አለቃችን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጣና «ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ ትችያለሽ። አንድ ማስታወቂያ አንብቢልን፤ በመኪና እየዞረ ይለፈፋል» አለኝ።

እሱ እያነበበልኝ ጽሑፉን በብሬል ገለበጥኩት። አተት ስለተከሰተ ኅብረተሰቡ የግልና የአካባቢ ንጽሕናውን እንዲጠብቅ የሚያሳስብ ነበር።

«አተት ማለት ኮሌራ ነው እንዴ?» አልኩት።

«አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ነው። የተጻፈውን ብቻ አንብቢ፤ ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ።»

በአማርኛም በኦሮምኛም አነበብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ድምፄ ከመኪናው ላይ ሲጮህ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር።

ግን መኪናውን ማን ይመነው? አዲስ አበባን ወደ ኦሮሚያ ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ በኋላም ተቃውሞው አልበረደም። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ልጆች ይታሰራሉ። ያው መኪና ከሳምንት በፊት ተሰብስቦ መገኘት ክልክል ነው እያለ የዞረ ነው። ማስታወቂያውን መልፈፍ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ወጣቶች መስታወቱን በድንጋይ አረገፉት፤ ሹፌሩም ቁልፉን አስረክቦ ከእንግዲህ አልዞርም አለ።

ከተከራየሁት ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሴት ነበሩ። ከባለቤታቸው ከሐጂ ጋር ከስልጤ መጥተው ልጆቻቸውን እዚያው ያሳደጉ፣ ኦሮምኛውን ከእኔ በላይ የሚያውቁ ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ሳሙና ልገዛ ስገባ «ድምፅሽን ሰማሁት» አሉኝ። «ሰው ሰልፍ እንዳይወጣ ያመጡት ወሬ ነው ይባላል። እውነት ነው?»

«እኔ እንጃ እትዬ። የሰጡኝን ነው ያነበብኩት።»

ይህን ባወራን በሁለተኛው ቀን ማለዳ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። «ሐጂን ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ያስመልሳቸዋል። ከሆዳቸውም ውሃ ብቻ ነው የሚወጣው። ምን ላድርግ?»

ተከትያቸው ገባሁ። የሐጂ እጅ ቀዝቅዟል፤ ቆዳቸውን ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደተጨማደደ ይቀራል። መንገዱ በድንጋይ ስለተዘጋ ባጃጅ የለም። አራት ጎረቤቶች በፍራሽ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ሰነበቱና በሦስተኛው ቀን በእግራቸው ቤታቸው ገቡ።

እትዬ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ቧንቧው ከጠፋ ጀምሮ የምናስቀዳው ከምንጩ ነው» አሉኝ። «ምንጩን አትጠጡ ብትሉን አንጠጣም ነበር። እናንተ ንጽሕና ጠብቁ አላችሁ። ሐጂ እኮ ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠቡ ሰው ናቸው።»

ቤቴ ገብቼ ብሬሌን አወጣሁና አዲስ ማስታወቂያ ጻፍኩ። የምንጩን ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ። ሰው ካስቀመጠውና ካስመለሰው አፍልታችሁ ባቀዘቀዛችሁት ውሃ የተበጠበጠ የኦአርኤስ ዱቄት እየሰጣችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የሄደ ሰው ድኗል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አለቃዬ ሰምቶ ሲያበቃ «ምንጩን ለይተሽ ስትጠሪ ሕዝቡ ይሸበራል» አለ። «ከላይ ሳይፈቀድ አይሆንም።»

«አሁንም እኮ አልተረጋጋም። ያተረፍነው አለመታመን ብቻ ነው» አልኩት። እኔም ያለ መኪና ለመዞር ወሰንኩ።

ከሥራ ስወጣ እትዬ ሱቃቸውን ለሐጂ ትተው ክንዴን ያዙኝ። ከቤት ቤት ሄድን። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው የደረሰባቸውን ይመሰክራሉ። መዞር በጀመርን በሁለተኛው ቀን መንገድ የዘጉ ወጣቶች አስቆሙን።

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ። የመኪናዋ ሴትዮ ነሽ» አለ አንዱ።

ብክድ ሌላውንም ነገር አያምኑኝም። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ዛሬስ ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ያን ጊዜ ያነበብኩት የሚጠቅማችሁን ስለማይነግር ነው የመጣሁት።»

«ኮሌራ ነው? ለምን ስሙን አይነግሩንም?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስሙን ጠይቄ አልነገሩኝም። የማውቀው ውሃው እንደሚያሳምም ነው። እኚህ እናት ባለቤታቸውን ሊያጡ ነበር።»

እትዬ የደረሰባቸውን በኦሮምኛ ነገሯቸው፤ ለካ ሐጂ በፍራሽ ሲወሰዱ ድንጋይ ያነሱላቸው እነሱው ኖረዋል። ድምፄን ያወቀው ልጅ «በኦሮምኛው ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። ከዚያ በኋላ ጀሪካን ይዞ ለሚያልፈው ሁሉ «ቢሻን ዳንፊሳ» ይል ጀመር፤ ውሃውን አፍሉ ማለቱ ነው።

ወሬው መሥሪያ ቤት ደረሰ። አለቃዬ ጠርቶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ በብሬል ስላልተጻፈ ራሱ ማንበብ ነበረበት። ያለ ፈቃድ መረጃ አሰራጭታለች የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። ፈረምኩ። በሩ ጋ ስደርስ «ኦአርኤስ ይዛችሁ ነው የምትዞሩት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የለንም።»

«ካርቶን አስቀምጥልሻለሁ። ከእኔ ነው እንዳትዪ።»

በዚያው ሳምንት ከሰፈሩ በታች ካለው ወንዝ ማዶ ሁለት ሰው ሞተ ሲባል ሰማሁ። እኛ ያልደረስንበት ሰፈር ነው። እትዬ ድልድዩ በጎርፍ ተበልቷል፣ ለአንቺ ያስቸግራል አሉኝ። ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና ተሻገርን።