ከጆሮ ጀርባ ያለችው ብር

ጥሩሰው ባሏን ማንም አልነጠቃትም፤ ግን ሆሳዕና ውስጥ የእሷን ያህል በቅናት የነደደች ሴት ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም። ምክንያቱን ብትሰሙ ደግሞ ትስቃላችሁ። አንዲት የአንድ ብር ሳንቲም ናት።

ባሏ ባፈና ልብስ ሰፊ ነው። ገበያው ዳር፣ ቆርቆሮ በረንዳ ሥር የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ ሱሪ ያሳጥራል። እንጀራው እሱ ነው፤ ስሙ የወጣው ግን በዚያ አይደለም፣ በምትሃት ነው። የሸሚዝ ቁልፍ ይውጥና ከክርኑ ያወጣል። ክር ፊታችሁ ቆርጦ በትንፋሹ ይቀጥላል። መጀመሪያ በካርታም ይጫወት ነበር። የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች «ወንድም ባፈና፣ ካርታ የቁማርተኛ ዕቃ ነው» ሲሉት ጊዜ ከብስኩት ካርቶን ቆራረጠና ላምና በግ ሳለበት። «ይኸው፣ ካርታ አይደለም፣ ከብት ነው» አላቸው። ሽማግሌዎቹ በግ መርጠው፣ በጉ ከገዛ ኮታቸው ኪስ ሲወጣ እንደ ልጅ ተንከተከቱ።

የሚወደድለት ግን ሳንቲሟ ናት። ብሯን መዳፉ ላይ ያስቀምጣል፣ ይጨብጣል፣ እፍ ይላል፣ ይከፍታል። የለችም! ከዚያ አንዷን ሴት ትክ ብሎ ያይና «እናቴ፣ ጆሮሽ ምን ሆነ?» ይላል። እጁን ይሰዳል፣ ከጆሮዋ ጀርባ ብሯን መዘዝ! ሴትዮዋ «ውይ!» ትላለች። ከፎንቆ እስከ ሾኔ ገበያ እጁ ያልፈተሸው የሴት ጆሮ የለም።

የጥሩሰው ጆሮ ብቻ ሲቀር።

የተገናኙት እኮ በዚችው ብር ነው። ጥሩሰው ያኔ ኮረዳ ሆና ፎንቆ ገበያ ቅቤ ትሸጥ ነበር። እሱ የሰፋውን ቀሚስ ሊሸጥ መጥቶ ቅቤ የሚገዛ መስሎ ጠጋ አለ። «ስንት ነው እሱ? ቆይ ቆይ፣ ጆሮሽ ምን ሆነ?» ብሯ ስትወጣ ጥሩሰው «ውይ!» ብላ ስትዘል በኮባ የጠቀለለችውን ቅቤ ረገጠችው። ባፈና የተረገጠውን ቅቤ ገዛ። በዓመቱ እሷን አገባ።

ታዲያ አብሮ የሚኖር ዓይን መች ያርፋል? እሱ ከሥራ ተመልሶ ሲለማመድ እሷ ጎመን እየከተፈች ታየዋለች። ብሯ ከጣቶቹ መሃል እንዴት እንደምትጣበቅ፣ ግራው ሲከፈት ቀኙ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ሌላ ሁለተኛ ብር ደግሞ በሰዓቱ ማሰሪያ ሥር እንደምትተኛ፣ ሁሉንም ለቅማ ያዘች። አንድ ቀን ጓደኞቹን ሰብስቦ ሲያሳይ ከጓዳ ብቅ አለችና «ቀኝ እጁ ውስጥ ናት!» አለች። ጨዋታ መስሏት ነው። ጓደኞቹ ወለሉን እየመቱ ሳቁ። እሱም ሳቀ፣ ሳቁ ግን ከከንፈሩ አላለፈም። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ እጁ ጆሮዋ ጋ ደርሶ አያውቅም።

«ላንቺ ምን አሳያለሁ? አንቺ ታውቂዋለሽ» ይላታል።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው።

የገበያውን ሴት ሁሉ ችላው ነበር፤ ቤቴል እስክትመጣ። ቤቴል ከባፈና መኪና አጠገብ የሞባይል ካርድና የስልክ ቻርጀር የምትሸጥ ልጅ ናት። ጥፍሯ ረጅም፣ ሳቋ ከፍ ያለ፣ ስልኳ ከእጇ የማይወርድ። «ጋሽ ባፊ፣ ይሄንን ቲክቶክ ላይ አለመልቀቅ ኃጢአት ነው» አለችው። ጋሽ ባፊ! ጥሩሰው ሚስቱ ሆና ስሙን ቆርጣ ጠርታው አታውቅም።

ቪዲዮው ተለቀቀ። ባፈና፣ ብሯና የቤቴል ጆሮ። ዱራሜ ድረስ ታየ አሉ። ከጥሩሰው ጎን በርበሬ የምትሸጠው ሀሚዳ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። ጎረቤት ክፉ ወሬ ሲይዝ እግሩ አያጥረውም።

«አይተሻል?»

«ምኑን?»

«ባልሽን ነዋ! ከልጅቷ ጆሮ ብር ሲያወጣ።»

«ከሁሉም ጆሮ ያወጣል። ልማዱ ነው።»

«እሱስ ልማዱ ነው። እጁን ግን አየሽው? ፀጉሯን ወደ ኋላ አድርጎላት! ቶሎም አልተነሳ።» ሀሚዳ መልሳ ከፈተችው። «ቁጠሪ እስቲ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ብሯ ወጥታለች፣ እዚያ ምን ይሠራል?»

ጥሩሰው ብሯን አላየቻትም። እጁን ነው ያየችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ያን ቀን የመዘነችውን ቅቤ መልሳ መዘነች፤ አሁንም መልሳ መዘነች።

የሃዲያ ዘመን መለወጫ፣ የያሆዴ በዓል ደረሰ። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በዊጆ፣ በቅቤ ዕቁባቸው፣ ሲያጠራቅሙት የከረሙት ቅቤ ተከፋፈለ፣ የጥሩሰውም ድርሻ ቤቷ ገባ። ወንዶቹ በሬያቸውን አረዱ። ከሰዓት በኋላ ባፈና ግቢው ውስጥ ለሰፈሩ ምትሃት ሊያሳይ ነው፣ ቤቴልም መጥታ ትቀርጻለች ተባለ።

«የበዓል ቪዲዮ ነው» አለ ባፈና ጢሙን እየተላጨ።

ጥሩሰው ምንም አላለችም። ምንም የማትል ሴት ስታዩ ሽሹ።

ክትፎውን አቀረበችና ቅቤውን አንቆረቆረችበት። በማንኪያ ሊበላ ሲል «የዓመት ልፋቴን በማንኪያ? በእጅህ፣ በቆጮው ዛቅ አድርገህ ብላልኝ እንጂ» አለችው። በላላት። ቅቤው እስከ አንጓው ወረደ።

«በይ ውሃ አምጪ፤ ሳሙናም።»

ውሃ አመጣች፣ ቀዝቃዛውን። «ሳሙና እንኳ አልቋል።»

«አሁን እዚህ አይቼው ነበር እኮ!»

«የታለ? ይኸው» ብላ ግራ እጇን ዘረጋችለት። ባዶ። ሳሙናው ቀኝ መዳፏ ውስጥ ሆኖ በነጠላዋ ሥር ገብቷል። የአገሩን ብር ሲሰውር የኖረ ሰው ሳሙና ከፊቱ ሲሰወር አላየም! እጁን በፎጣ አበስ አበስ አድርጎ ወጣ። ቅቤ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም፣ ይብስበታል።

ግቢው ሞልቷል። ቤቴል ከፊት ስልኳን ደግናለች። ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ወልደኪዳን ከዘራቸውን ይዘው ወንበር ላይ ተሰይመዋል። በየዓመቱ «ዘንድሮ እይዝሃለሁ!» ይላሉ፤ ይዘውት አያውቁም።

ባፈና ብሯን አሳየ፣ ጨበጠ፣ እፍ አለ። ከዚያ ዞረ።

«ቤቲዬ፣ ጆሮሽ ምን ሆነ?»

ቤቲዬ! ጥሩሰው የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። እጁ ወደ ልጅቷ ጆሮ ሲሄድ ብሯ ከጣቶቹ መሃል እንደ ዓሣ ሾለከች። ቂው! ድንጋይ መታችና ተንከባለለች።

«ያዝኩህ!» ጋሽ ወልደኪዳን ከዘራቸውን አነሱ። «ከእጁ ነው የወደቀው! አያችሁ? ከእጁ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሰው ሁሉ በላይ ግን ቤቴል ሳቀች፣ ስልኳን ሳታወርድ። «ኧረ ጋሽ ባፊ፣ ይሄ እኮ ይበልጣል! ይሄንን ነው የምለቀው!»

ባፈና በቅቤ የሚያብለጨልጩትን ጣቶቹን አየ። ያ ሳቅ፣ የያኔው፣ ከከንፈር የማያልፈው ሳቅ ፊቱ ላይ መጣ። ጥሩሰው ልቧ ቅቤ መጠጣት ሲገባው ሟሸሸ። እሷ ልትቆነጥጠው ፈለገች እንጂ ሰው እንዲዘባበትበት መች ፈለገች? ደግሞስ በባሌ ከተሳቀ እኔ ልሳቅ፣ አንቺ ማነሽ? አለች በሆዷ።

ብሯ እየተንከባለለች ወደ እሷ መጣች። የበዓል ቀሚሷ መሬት ይነካል። አንድ እርምጃ ተራመደችና ቆመችባት።

«ምንድን ነው የወደቀው?» አለች።

«ብሯ ናታ!» አሉ ጋሽ ወልደኪዳን።

«የታለች?»

ሰው አጎንብሶ ፈለገ። ልጆች በጉልበታቸው ዳኹ። የለችም።

«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

«ካዩዋት ያሳዩና፣ ጋሼ። ወድቃ የምትጠፋ ብር እኔ አላውቅም።»

ባፈና የቀሚሷን ጫፍ አየ፤ ከዚያ ዓይኗን አየ። እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። ቤቴልን አልፎ መጣ።

«ጥሩሰው» አለ፣ «ጆሮሽ ምን ሆነ?»

ሁለተኛዋ ብር ከሰዓቱ ማሰሪያ ሥር እንደምትመጣ ታውቃለች። በየትኛው ጣት እንደሚስባትም ታውቃለች። ቅቤ ቅቤ የሚል እጅ ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረገ፣ ቆየ፣ ብሯን መዘዛት።

«ውይ!» አለች ጥሩሰው፤ ያንን የፎንቆውን ውይታ። ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ጋሽ ወልደኪዳን እስከ ዛሬ ባለፉ ቁጥር የግቢውን አፈር በከዘራቸው ይቆፍራሉ አሉ።

ሰው ሲበተን ባፈና ጠጋ አላት። «ሳሙናው ግን የት ገባ?»

ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ገለበጠች፣ እፍ አለችበት። ባዶ። «ላንተ ምን አሳያለሁ?» አለችው።

ሳቀ። ይሄኛው ከከንፈሩ አለፈ።

ቤቴል ሁሉንም አንድ ላይ ለቀቀችው። በማግስቱ ጥሩሰው ቅቤዋን እንኳ ሳትዘረጋ ሀሚዳ ዘንድ ሄደች።

«ስልክሽን አምጪ። መጀመሪያ ያንን የልጅቷን ክፈቺልኝ።»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«አሁን የእኔን።»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

«የእኔ ይረዝማል» አለች ጥሩሰው።

«እጁ ቅባት ነክቶት ነዋ፣ ብሯ አልያዝ ብላው!»

«ዝም በይና መልሰሽ ክፈቺው።»